የኩማ መርከብ በመቻራ

ጭሮ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለጓደኛዬ ለዙህራ፤ መቻራ

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሰላምታዬ የገለምሶን ኮረኮንች አልፎ ሳይሰበር ይድረስሽ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ቢያመኝም ምላሴ እንደምታውቂው ነው። ደብዳቤሽ በዓሊዩ አይሱዙ ከመጣ አስራ ሁለት ቀን ሆነው። ስላዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ አንብቤው ስነሳ ንዴቴ እስኪበርድ ጠበቅሁ።

አዎ፣ እሱ ነው። ከሻይ ቤትሽ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ጌም ቤት የከፈተው ያ ቀጭኑ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነው ሰውዬ፣ የባሌ የኩማ ታናሽ ወንድም ሌሊሳ ነው። በራፉ ላይ «ካፒቴን ሌሊሳ» ብሎ ጽፏል ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ካፒቴን! እስከ አስራ አንድ ዓመቱ የጫማውን ክር ኩማ ያስርለት የነበረው!

የኩማ የጌም ማሽን እንዴት እጁ ገባ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሰኔ ላይ ኩማ ሲያርፍ አንቺ በዝናቡ መንገድ ተቆርጦብሽ ለቅሶ ሳትደርሺ ቀረሽ፤ ስለዚህ ሌሊሳን አላየሽውም። በአስራ አምስተኛው ቀን መጣና «እትዬ፣ ማሽኑ ድምፅ ያሰማል፣ ወስጄ ላሰራልሽ» አለኝ። እኔ ያን ጊዜ ምን እንደምበላም አላውቅ፤ እሺ አልኩት። የጌም ማሽኑን፣ ሁለቱን ሲዲና ሚሞሪ ካርዷን በአንድ ፌስታል ይዞ ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ እያሠራልኝ ነው።

ማሽኑን አልፈልገውም፣ ይብላው። የምፈልገው ሚሞሪ ካርዷን ነው። የክብሪት ቀፎ የምታክል ፕላስቲክ ናት። የተጫወትሽው ሁሉ እሷ ውስጥ ይቀመጣል፤ ነገ ስትመለሺ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። እዚያች ውስጥ ያለው የኩማ ስምንት ወር ነው። ኩላሊቱ ከጣለው ቀን ጀምሮ፣ ያ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ አልጋው ላይ ሆኖ በሰማይ ሲሄድ ነበር።

ጨዋታው ጥሩ ነው ወይ ላልሽኝ፣ ዙህራ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ጃፓኖች ናቸው የሠሩት። ስሙ በእንግሊዝኛ በጣም ረጅም ስለሆነ እኛ «መርከቧ» ነበር የምንለው። አንዲት አሮጌ መርከብ ከኮከብ ወደ ኮከብ ትሄዳለች፣ ሰባት ሰዎች ይዛ። ስም የምትሰጫቸው አንቺ ነሽ። ኩማ ካፒቴኑን ኩማ አለው። ሐኪሟን በእናቱ ስም ሚልካ አላት። መካኒኩን ደግሞ፣ ልቤ ይቃጠላል፣ ሌሊሳ ብሎ በዚያ ከሃዲ ስም ጠራው። ምግብ አብሳይዋ እኔ ነኝ። ታዲያ ጃፓኖቹ ከስድስት ፊደል በላይ አይቀበሉም፤ በላቲን «በቀለች» ብሎ ሲጽፍ ፊደል አለቀበትና በቀለ ሆኜ ቀረሁ። ስምንት ወር ሙሉ በወንድ ስም ወጥ ሠራሁ!

ከሁሉ የወደድኩትን ልንገርሽ። ከመርከበኞቹ አንዱ ሲሞት አልጋው አይነሳም። ባዶውን እንደተነጠፈ ይኖራል፤ የቀሩት ማዕድ ሲቀርቡም ሳህኑን ያኖሩለታል። ኩማ ይህን ሲያይ ጆይስቲኩን አስቀመጠና እጄን ያዘ። ደግሞ ማህደር የሚባል ክፍል አለ፤ ያለፍሽው ነገር ሁሉ እዚያ እንደ ፊልም ተመልሶ ይታያል፣ አንቺ በሰጠሽው ስም። ሌሊሳ ለናንተ ከተማ የሚያሳየው ይህንን ነው። እኔ ነኝ የተጫወትኩት ብሎ። አንዲት ውጊያ እንኳ ሳያሸንፍ!

ስለ ኩማ የመጨረሻ ቅዳሜ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። እዚያ ቤት ስለሚሆነው ነገር ግን ምንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ያንቺው በቀለች


መቻራ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1998

ለበቀለች

አካም ጂርታ? እኔና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ። እንዳንቺ አሳምሬ መጻፍ አልችልም፤ ያየሁትን ብቻ ልንገርሽ።

ቤቱ ሙሉ ነው። ጠዋት ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከሰዓት ግን የትልልቆቹ ነው። ጫታቸውን ይዘው ለበርጫ ይገባሉ፣ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፣ ግድግዳ ይደገፋሉ፤ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ መርከቧ ትመጣለች። የፊቱ ፍራሽ የቡና ሰብሳቢው የኦቦ ዘይኑዲን ነው። ሌላ ሰው ከተቀመጠበት በር ላይ ቆሞ ያስለዋል፣ እስኪነሳለት። ማንም አይጫወትም፣ ያያሉ። ሌሊሳ በኦሮምኛ ይተረጉምላቸዋል።

ትርጉሙ ግን ውይ! ጽሑፉ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ሌሊሳ «እንሂድ አለው፣ እሺ አለው» ይላል። ትናንት ኦቦ ዘይኑዲን ተቆጣ። «አንተ ሰው፣ ያቺ ሴት ያን ያህል አልቅሳ እንሂድ ብቻ ነው ያለችው?» አለው። ሰው በሳቅ ሞተ።

ስሞቹን ያነባሉ ወይ ትይኝ ይሆናል። እዚህ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ በቁቤ ተምሯል፤ የላቲኑን ፊደል ጥርት አድርጎ ያነባል፣ እንግሊዝኛውን አያውቅም እንጂ። «ካፒቴኑ ለምን ኩማ ተባለ? የኛ ስም አይደል?» ብለው ጠየቁት። እንዳትታመሚብኝ፣ ሌሊሳ ምን አለ መሰለሽ? «ኩማ የጃፓን ስም ነው።» ወላሂ ያለው ይህን ነው። መካኒኩ ግን እኔ ነኝ አለ፤ የምጫወተው እኔ ስለሆንኩ አንዱን በስሜ ጠራሁት አለ። ይቺ ሴት ለምን በቀለ ተባለች ሲሉት ጄኔሬተሩን ልየው ብሎ ወጣ።

ኦቦ ዘይኑዲን ትርጉሙ ካልተስተካከለ አልመጣም ስላለ፣ ሌሊሳ «ጭሮ ቤቴ ደብተር አለኝ፣ አስልካለሁ» ብሏል። የምን ደብተር ነው? ሊጽፍልሽ ይመስለኛል። እኔና አንቺ መተዋወቃችንን አያውቅም። ሻይዬን እየጠጣ ይንቀኛል።

ዙህራ


ጭሮ፣ ኅዳር 1 ቀን 1998

ዙህራዬ

የጃፓን ስም!

ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስለው ጎረቤቴ እቴነሽ ምን ሆነሽ ብላ መጣች። ምንም አልሆንኩም፣ ባሌ ጃፓናዊ መሆኑን ዛሬ ሰማሁ አልኳት።

የሌሊሳ ደብዳቤ ደርሶኛል። በአንድ ገጽ አምስት ጊዜ «እትዬ» ብሎኛል፤ በሕይወቱ ያላለኝን። የደብተሮቹ ነገር ይኸውልሽ፦ የኔ እንግሊዝኛ ሰላምታ ላይ ስለሚያበቃ፣ ኩማ የሚያነበውን ሁሉ በአማርኛ በደብተር ይጽፍልኝ ነበር። ሲደክመው ዝም ይላል፣ እኔ ደብተሩን አንብቤ እሱ ወዳለበት እደርሳለሁ። አራት ደብተር ሞላ። ሌሊሳ እነዚያን «ለወንድሜ ማስታወሻ» ፈለግኋቸው ይላል። ለማስታወሻ!

እንግዲህ ስሚኝ። የምፈልገው ካርዷን ነው፤ እሷን ሲሰጠኝ ደግሞ በዋሸበት ቦታ፣ በዋሻቸው ሰዎች ፊት፣ ኩማ የጃፓን ስም ሳይሆን ያሳደገው ወንድሙ ስም መሆኑን በገዛ አፉ ማለት አለበት። ሽማግሌ ልላክበት አስቤ ነበር። ሽማግሌ ፊት አልቅሶ ይቅርታ ይላል፣ መቻራ ሲመለስ ካፒቴን ነው። እሱን አልፈልግም።

ስለዚህ ደብተሮቹን አልከለከልኩትም። ከለከልሽ ወይ ብለሽ እንዳትሰጊ ነው ይህን የምጽፈው። በራሴ እጅ ገልብጬ እልክለታለሁ፣ አንድ በአንድ። የመጀመሪያው ደብተር ቃል በቃል የኩማ ነው። ሰው ይውደደው፣ ይጣፍጠው። ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ሥዕሉ የጃፓኖች፣ ቃሉ የኔ ይሆናል። የሥዕሎቹ አፍ እንደሆነ አይንቀሳቀስ፤ ምን እንዳሉ ማን ያውቃል? መካኒኩ ካፒቴኑን አልጋ ላይ ትቶ መርከቧን ብቻውን ይዞ የሚሄድበት ቦታ አለ። በእውነቱ መድኃኒት ሊያመጣ ካፒቴኑ ልኮት ነው። በኔ ደብተር ማን እንደላከው ታያለሽ።

ሌሊሳ ሰነፍ ነው። አስቀድሞ አያነብም። ተማሪ ሳለም እንዲህ ነበር፤ ተነስ አንብብ ሲባል ገና ገጹን ይፈልጋል።

ጨዋታው እንከን የለውም ወይ ብትዪኝ፣ ሞልቶታል! ሦስት እርምጃ ስትሄጂ ውጊያ ነው። ውኃ ልትቀጂ ብትወጪ ውጊያ። መርከቧ በተነሳች ቁጥር ሞተሩ ሲሞቅ፣ በሩ ሲዘጋ፣ መብራቱ ሲበራ ያንኑ ፊልም መቶ ጊዜ ያሳዩሻል፣ ማለፍ አይቻልም። ያቆምሽበትን ማስቀመጥ የምትችዪው ቢጫ ፋኖስ ያለበት ቦታ ብቻ ነው፤ ፋኖሱ ሳይደረስ መብራት ከጠፋ የሦስት ሰዓት ልፋት ገደል ገባ። የኛን መብራት ኃይል ጃፓኖች አያውቁትም። ሁለተኛው ሲዲ ላይ ደግሞ ወሬያቸው! እኔን ወሬኛ ትያለሽ? እነሱ አንድ በር ለመክፈት ግማሽ ሰዓት ይመካከራሉ። ኩማን ያደክመው የነበረው ይህ ነው። ለመቻራ በርጫ ግን ወሬው ነው የሚበጀው፤ ለኔም።

ፓስተራችን ይቅር በይ አሉኝ። እላለሁ አልኳቸው፤ ተራውን ጠብቆ።

በቀለች


ጭሮ፣ ኅዳር 1 ቀን 1998

ይድረስ ለወንድሜ ለሌሊሳ፤ መቻራ

በጌታ ስም ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ልቤን ነካው። ወንድምህን ለማስታወስ ብለህ ደብተሮቹን መጠየቅህ ያሳደገህ ሰው ድካሙ በከንቱ አለመቅረቱን ያሳያል። ማሽኑ ገና ሠራተኛው ዘንድ ነው ያልከውን አነበብኩ። አይዞህ፣ አትቸኩል፣ በደንብ ይሠራ።

ዋናዎቹን ደብተሮች ከቤት ማውጣት ስለከበደኝ በእጄ ገልብጬ አንደኛውን ልኬልሃለሁ። ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ አድርግልኝ። ሌሎቹንም እንደጨረስኩ በተራ እልካለሁ። የበረዶው ኮከብ ላይ ሐኪሟ ለምን እንደምታለቅስ መጠየቅህ ገረመኝ፤ ማሽኑ ሠራተኛው ዘንድ ሆኖ ስታለቅስ የት አየሃት? አይ፣ ከድሮው ትዝ ብሎህ ይሆናል። ገጽ አስራ አራት ላይ ታገኘዋለህ። ቀስ ብለህ፣ ምንም ሳትዘል አንብበው። ሰው አጠገብህ ካለም ጮክ ብለህ አንብብለት፤ ኩማ ሲነበብ ደስ ይለው ነበር።

እትዬህ በቀለች


መቻራ፣ ኅዳር 21 ቀን 1998

በቀለች

ሥራሽ ሠርቷል። ከመጀመሪያው ልጀምር።

አንደኛው ደብተር ሲነበብ ቤቱ እንደ መስጊድ ጸጥ አለ። ስለዚያ ባዶ አልጋ ሲሰሙ ሁለት ሰው ጫቱን አስቀመጠ። ኦቦ ዘይኑዲን «ይህን የጻፈ ሰው ሞት ያውቃል» አለ። ሌሊሳ ራሱ የጻፈው ይመስል አንገቱን ደፋ።

ሁለተኛው ደብተር ሐሙስ ደረሰው፣ ፖስታውን እዚያው ሰው ፊት ቀደደ። ማህደሩን ከፈተ፣ ማንበብ ጀመረ። «ካፒቴን ኩማ ዓይኑን ጨፈነ። በአስራ አምስተኛው ቀን መካኒኩ ሌሊሳ ወደ አብሳይዋ መጣና፣ የመርከቧ ሞተር ድምፅ ያሰማል፣ ወስጄ ላሰራልሽ አላት።» እዚህ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቀጥል እንጂ» አሉት።

«ገጹ አልቋል» አለ።

ኦቦ ዘይኑዲን አንገቱን አሰገገ። «አላለቀም፣ ከዚህ ይታየኛል። ዓይንህ ካመመህ ስጠኝ፣ በመሠረተ ትምህርት አማርኛ ቆጥሬያለሁ።»

ደብተሩን ከሚሰጥ ማንበብ ሻለው። እያላበው አነበበ። መካኒኩ መርከቧን ሩቅ ኮከብ ወስዶ «ካፒቴኑ እኔ ነኝ» ብሎ ቀለም የቀባበት ቦታ ሲደርስ፣ ከኋላ አንዱ «ይህን መካኒክ እኔ ነኝ አላልክም?» አለው። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። «አንተ ሌባ ካፒቴን!» ይሉታል አሁን፣ ለቀልድ። እሱም ይስቃል፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ።

ለቀልድ ነው ያልኩት ለአሁኑ ነው። ኦቦ ዘይኑዲን ሲወጣ ሻይ ቤቴ ገባና፣ «ዙህራ፣ ጃፓኖች ስለ አስራ አምስት ቀን ለቅሶ ምን ያውቃሉ?» አለኝ። ስኳሩን አቀበልኩት።

ዙህራ


ጭሮ፣ ኅዳር 28 ቀን 1998

ዙህራ፣ የኔ ማር

ደብዳቤሽን ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። «ፊቱ አመድ መሰለ» የሚለውን በቃሌ ይዤዋለሁ። እንደዚህ ደስ ያለኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም። እቴነሽ «ወፈርሽ» አለችኝ።

ላብ ብለሽ አለፍሽው፤ ስንት ጊዜ ጠረገ? በእጁ ነው በእጅጌው? በሚቀጥለው ይህን ሁሉ እፈልጋለሁ።

አይ፣ አላዝንለትም። አታዝኚለትም ወይ ብለሽም እንዳትጠይቂኝ። ስምንት ወር ኩማ በሩን ሲያይ ኖሯል። መቻራ ደርሶ መልስ ስንት ቀን ነው? ሞተር ሲሰማ «ሌሊሳ ይሆን?» ይለኛል። እኔ «የቡናው ሥራ ይዞት ነው» እላለሁ፤ ለሱ ስል እየዋሸሁ። ሦስተኛውን ደብተር ስትሰሚ ይህንን ታገኝዋለሽ። ታሪኩ ወደ ኋላ ይመለስና፣ ካፒቴኑ ሳይሞት በፊት በመስኮት ወደ ውጭ እያየ የቀረውን ወንድሙን ይጠብቃል። ጃፓኖቹ ያን ቦታ ካፒቴኑ ኮከብ ሲቆጥር ነው የሠሩት፤ ሙዚቃው ግን ለኔ ይሻላል። ስለ ሙዚቃው ነግሬሻለሁ? ቀስ ብሎ እንደ ክራር የሚመታ ነገር አለው፤ ልበ ደረቅ ሰው እንኳ ጆሮውን ይጥልበታል። ሌሊሳ ያንን ሙዚቃ እየሰማ ይህን ያነባል። በደንብ ይላበው!

ስለ ቅዳሜው ጠይቀሽኝ ነበር። አልረሳሁትም።

በቀለች


መቻራ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1998

በቀለች

ይህን ልጻፍ አልጻፍ ብዬ ዓሊዩን ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ሰደድኩት። ይቅርታ።

ሦስተኛው ተነበበ። ማንም አልሳቀም። ካፒቴኑ በመስኮት የሚጠብቅበት ላይ ሲደርስ ሌሊሳ ደብተሩን አጠፈ። ከዚያ ግን ማንበቡን አላቆመም፤ ደብተሩ ተዘግቶ፣ ሥዕሉን እያየ፣ ከራሱ ማውራት ጀመረ። ቃል በቃል እነግርሻለሁ፦

«መካኒኩ መጣ። ዘግይቷል፣ ግን መጣ። በሩን አንኳኳ። አብሳይዋ ከፈተች፣ ተኝቷል፣ ነገ ና አለችው። ከኋላዋ ግን የካፒቴኑ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ያነብ ነበር። መካኒኩ ሄደ። በነጋታው ካፒቴኑ የለም።»

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አብሳይዋ ክፉ ናት» አለ። ግማሹ «ቀድሞ የት ነበር?» አለ። ተጯጯሁ። ኦቦ ዘይኑዲን ግን ሌሊሳን ብቻ ያይ ነበር።

እኔ ከአንቺ ጋር ነኝ። ከአስራ ሦስት ዓመታችን ጀምሮ ካንቺ ጋር ነኝ። ግን ንገሪኝ፤ ይህ አንቺ የጻፍሽው ነው ወይስ እሱ የጨመረው? እሱ ከጨመረው ደግሞ እውነት ነው?

ዙህራ


ጭሮ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1998

ዙህራ

ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ሁለቱም «ውሸት ነው» ይሉ ነበር።

እኔ አልጻፍኩትም። እውነት ነው።

ያን ቅዳሜ ኩማ ከስንት ቀን በኋላ ተሽሎት ትራስ ተደግፎ ነበር። የመጨረሻው ኮከብ ፋኖስ ጋ ደርሶ አስቀመጠ፣ ደብተሩን አነሳ፣ ያነብልኝ ጀመር። ስቋል ያን ቀን። እኔን «በቀለ» እያለ ስቋል። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሌሊሳ ብርቱካን ይዞ ቆሟል። ስምንት ወር ያልመጣ ሰው! «ተኝቷል» አልኩት። ከኋላዬ ኩማ ጮክ ብሎ ያነባል። ሌሊሳ ሰምቷል፤ እንደሰማ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። «ነገ ና» አልኩት። ብርቱካኑን ተቀበልኩት እንኳ። ኩማ «ማነው?» ሲለኝ «እቴነሽ ናት» አልኩት። እሑድ ጠዋት አረፈ።

ለምን? ያን ከሰዓት ለራሴ ፈለግሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሌሊሳ ቢገባ ኩማ ደብተሩን ይዘጋ ነበር፤ ወንድሙን እንጂ እኔን አያይም ነበር። ያጠብኩት፣ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ፤ የተቆጣኝም፣ ያለቀሰብኝም እኔኑ ነው። አንድ ጥሩ ከሰዓት ሲመጣ ለሌሊሳ አልሰጥም አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለፓስተሩም።

ማሽኑን የወሰደብኝ ለዚህ ነው፣ ገብቶኛል። አስቀድሞም ሳይገባኝ አልቀረም። እኔ ቂም ስይዝበት እሱም ይዞብኝ ኖሯል።

ግን ዙህራ፣ በሩን እኔ ብዘጋ ኩማን ጃፓናዊ ያደረገው እሱ ነው። የኔ ኃጢአት የሱን አያጥብለትም። አሁን መሸሽ የሚችል መስሎታል፤ «እሷም እንዲህ አድርጋለች» ብሎ ነገሩ በዚያው ይቀራል ብሏል። አይቀርም። አራተኛውን ደብተር ዛሬ ጨርሻለሁ። በመጀመሪያው ገጽ አብሳይዋ ትናገራለች፦ «በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አልተኛም ነበር።» በፊርማዬ፣ በሙሉ ስሜ፣ በስድስት ፊደል ሳልቆርጠው። ሁለተኛው ገጽ የሱ ነው፤ «ኩማ ያሳደገኝ ወንድሜ ነው» ይላል። የኔን ካነበበ የሱንም ያነባል። ሰው ይስደበኝ፤ መቻራ ላይ ስሜ ይጥፋ፣ ግድ የለኝም፣ እሱ ብቻ ያንን ገጽ ያንብብ። አንዱን ቅጂ ለአንቺ ልኬያለሁ። የኔን አንብቦ የሱን ከዘለለ ተነሺና አንቺ አንብቢው።

ለሌሊሳ ሌላ ደብዳቤ አልጻፍኩለትም። ከንግዲህ ማር የለም።

በቀለች


መቻራ፣ ጥር 6 ቀን 1998

በቀለች

አነበበ። ሁለቱንም።

መጀመሪያ ያንቺን ጨረሰ። ከበር አጠገብ ቆሜ ነበር፣ ቅጂውን በሻርፔ ደብቄ። ኦቦ ዘይኑዲን «በቀለች ማናት?» አለው። «የወንድሜ ሚስት ናት» አለ። «ወንድምህ ማነው?» ገጹን ሊገልጥ ሞከረ። «አንተ፣ ወንድምህ ማነው?» በሁለተኛው ላይ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመ። «ኩማ ነው። የጃፓን ስም አይደለም። ወንድሜ ነው፣ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጨዋታውም የሱ ነው፣ እኔ አንዲት ውጊያ አላሸነፍኩም።» ሁለተኛውን ገጽ ከዚያ በኋላ አነበበው፤ የቀረ ነገር ስላልነበረው ቶሎ አለቀ።

ማንም አልሰደበው። ያ ነው የከበደው። ጫማቸውን እያደረጉ አንድ በአንድ ወጡ። ኦቦ ዘይኑዲን በሩ ላይ ዞር አለና፣ «በራፍህ ላይ ያለውን የካፒቴን ምልክት አውርድ» አለው።

ሲዲዎቹንና ካርዷን እዚያው ነቅሎ ሰጠኝ። «እርስዎ እንደሚያውቋት ዛሬ ገባኝ» አለኝ። በናፕኪን ጠቅልዬ በዓሊዩ እጅ ልኬያለሁ። በደረት ኪሱ እንዲይዛት አስምዬዋለሁ።

ላቡን እንዳልጠየቅሽኝ ቁጠሪው። አልቆጠርኩም።

ስላንቺ ምን አሉ? ያሻቸውን ቢሉም፣ ሻይ ቤቴ ገብቶ ስላንቺ ክፉ የተናገረ የለም።

ዙህራ


ጭሮ፣ መጋቢት 3 ቀን 1998

ለዙህራዬ

ለሁለት ወር ዝምታዬ ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ። ሥራ ላይ ነበርኩ። የት መሰለሽ? መናኸሪያው አጠገብ ካለው ከአክረም ጌም ቤት! ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ ነጠላዬን አጣፍቼ እገባለሁ። አክረም መጀመሪያ ቀን «እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ። «እማማ አትበለኝ፣ ጆይስቲክ ስጠኝ» አልኩት። አሁን ወንበሬን አቧራ አራግፎ ነው የሚጠብቀኝ።

ካርዷ ደህና ናት። ስከፍታት መርከቧ ኩማ ያቆማት ፋኖስ ጋ ቆማ ነበር። በቀለ የሚባለውን ስሜን ሳይ እንዴት እንደሆንኩ አልጽፍልሽም።

የቀረችው አንዲት ውጊያ ነበረች። ሃያ ሰባት ጊዜ ተሸነፍኩ። ጃፓኖቹን ሰደብኩ፣ አክረምን ሰደብኩ፣ ሌሊሳን ደግሞ በየመካከሉ ለእረፍት ያህል ሰደብኩት። ባለፈው ማክሰኞ አሸነፍኩ፣ ዙህራ! ስጮህ የመናኸሪያው ረዳቶች ሰው ሞተ ብለው መጡ።

በኋለኞቹ ደብዳቤዎችሽ ፍጻሜውን ጠይቀሽኛል፤ ኦቦ ዘይኑዲንም በየቀኑ እየመጣ ይጠይቅሻል ብለሽኛል። ልንገርሽ። ስምንት ወር ከሁለት ወር ተለፍቶበት ፍጻሜው አስራ ሁለት ደቂቃ ነው። ካፒቴኑ ከአልጋው ይነሳል፣ ማዕድ ይቀርባል፣ ባዶዎቹ ሳህኖችም አሉ፤ መርከቧ አዲስ ሰማይ ውስጥ ትገባለች። ዳነ አልዳነ አይሉም! ይህን ያህል ወሬኛ ሆነው፣ ቁም ነገሩ ላይ ሲደርሱ ዝም! ከዚያ የሠሩት ሰዎች ስም ይወርዳል፣ ከታች ወደ ላይ፣ መቶ ሁለት መቶ ጃፓናዊ። አክረም ሊያጠፋው ሲል እጁን መታሁት። እስከ መጨረሻው ስም ድረስ ተቀመጥኩ። ያ ሙዚቃ አብሮ ነበር። ከኩማ በስተቀር ማንም እንደዚህ ዝም አሰኝቶኝ አያውቅም።

አሁን አደራዬን ስሚ። ይህን ለኦቦ ዘይኑዲን ንገሪው። በርጫ ላይ ለነበረው ሁሉ ንገሪ፣ ሻይ ለሚጠጣው፣ ቡና ለሚጭነው፣ ለዓሊዩም ንገሪው፣ መንገድ ላይ ለቦኬና ለመሰላ ሰው ያውራው። ለአንድ ሰው ብቻ ግን አትንገሪ። ከግድግዳው ማዶ ንገሪኝ እያለ እንደሚያደርቅሽ አውቃለሁ። ምልክቱን ቢያወርድም፣ ፂሙን ሳይላጭ መዋል ቢያበዛም፣ ከንፈርሽ አይላቀቅ።

ይቅር ብዬዋለሁ ወይ ላልሽኝ፣ አላልኩትም። ፍጻሜውን ከፈለገ ጭሮ ይምጣ። አልጋ አነጥፍለታለሁ፣ ደህና አድርጌ አበላዋለሁ። ሲጠግብ የልቤን እስኪወጣልኝ እነግረዋለሁ፤ እሱም የልቡን ይንገረኝ፣ እሰማዋለሁ፣ አልወደውም ግን እሰማዋለሁ። የመርከቧ ነገር ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አልለውጥም።

በቀለች